«ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብቻውን መንገድ አያሳይም

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «አካውንቲንግ ተመርቄ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። በደመወዜ ታናሽ ወንድሜን አስተምራለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ወደ ስራ መሄድ ይጨንቀኛል። ሰው መርዳት ስለምወድ ስራ ልቀይር?»

እህቴ፣ ለመልቀቅ አትቸኩዪ። ነርስም ሰው ትረዳለች፣ ትራፊክ ፖሊስም ይረዳል። ያንቺ የትኛው ነው?

መልሱ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ኤቲኤም ካርድ የፈሩትን እናት አንስተሻል። ገንዘቡን መስኮቱ ላይ ብትከፍያቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አንቺ ግን ከመስኮቱ ወጥተሽ ማሽኑ ድረስ ሄድሽ። ቁልፎቹን ራሳቸው እንዲጫኑ አደረግሽ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን ሲያስገቡ ፊትሽን አዞርሽ። ሰልፉ ረዘመ፣ አለቃሽ ተቆጡ። በሚቀጥለው ወር ብቻቸውን መጥተው አውጥተው ሲሄዱ ከሩቅ አይተሽ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎሽ ዋልሽ።

በክረምት የበጎ ፈቃድ ትምህርት ጊዜም ከሁሉ የማይረሳሽ ክፍልፋይ አልገባው ብሎ የቆየው ልጅ ነው። በመጨረሻ «ቆይ፣ አትንገሪኝ፣ እኔው ልስራው» ያለሽ።

ሁለቱም ላይ ደስ ያለሽ ሰዎቹ ያለ አንቺ መቻላቸው ነው። ይህ ከመርዳት ጠበብ ያለ ነገር ነው፤ ስራ ለመምረጥም የበለጠ ይጠቅማል። ለዚያውም ቁጣ አስከትሎብሽ የመረጥሽው ስለሆነ አምነዋለሁ። ሰው ዋጋ የከፈለበት ነገር ማንነቱን ያሳብቃል።

በርናርድ ሀልዳን የሚባል የሙያ አማካሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ስራ እንዲያገኙ ሲረዳ በዚሁ መንገድ ይሄድ ነበር። በደንብ የሰራኸው፣ ስትሰራው ደስ ያለህ፣ የኮራህበት ገጠመኝ የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሶስቱም መሟላት አለባቸው። ሽልማት ያገኘሽበት ግን ያሰለቸሽ ነገር አይቆጠርም። ሰው ያላየልሽ ትንሽ ነገር ግን ይቆጠራል።

አንቺም ጥቂት ገጠመኞች ጨምሪ። ከልጅነት፣ ከግቢ ሕይወት፣ ከቤት ውስጥም ይሁን። በጣም ያናደደሽንም ጻፊ፤ ሰው የሚናደደው የሚያከብረው ነገር ሲነካበት ነውና። «ምን ሆነ?» ብለሽ አትቁሚ፤ «የቷ ቅጽበት ላይ ነው ልቤ የተነካው?» በዪ። ያው ነገር ደጋግሞ ካልመጣ የእኔን ግምት ተዪው።

ወንድምሽን ማስተማርሽንም እንደ እንቅፋት አትዪው። ለቤተሰብ መድረስ ራሱ ትልቅ እሴት ነው። ስለዚህ ደመወዝ የሚያስቀር ምርጫ ለጊዜው ይቆይ። እስከዚያው ከባንኩ የሰው ኃይል ክፍል ሄደሽ አዲስ ሰራተኞችን የሚያሰለጥኑት እነማን እንደሆኑ፣ ውስጣዊ የስራ ማስታወቂያ መቼ እንደሚወጣ ጠይቂ። ቅርንጫፍሽ ውስጥ አዲስ የሚገባ ገንዘብ ከፋይ ካለም «እኔ ላለማምደው» ብለሽ አለቃሽን አስፈቅጂ።