‘ሺር’ን ከመሸምደዳችሁ በፊት በጉን ተመልከቱ

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

ምክር ስጥ ስባል ወሬዬ ወደ ቃላት ያደላል። ዕድሜውን በኮንክሪትና በብረት የፈጀ ሰው ስለ ቃል ምን አገባው እንዳትሉኝ። በአገራችን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሙያው የሚደርሰን በሰው አገር ቃል ተጠቅልሎ ነው። ብዙዎቻችን ታዲያ ጥቅሉን ሳንፈታ ጋውን ለብሰን ፎቶ እንነሳለን።

ዛሬ አንዱን ቃል ብቻ ልያዝ፦ ሺር (shear)። ቢም ላይ፣ ወለል በሚሸከመው አግዳሚ ላይ ማለቴ ነው፣ ሺር አለ፣ አፈር ላይ ሺር አለ፣ ፎቅ ውስጥ ሺር ዎል አለ፤ አቪዬሽን የገቡ ጓደኞቻችሁም ዊንድ ሺር ሲሉ ትሰማላችሁ። አዲስ ምሩቅ ሲመጣልኝ “ሺር ምንድን ነው?” ብዬ እጠይቃለሁ። የሚመልስልኝ ፎርሙላውን ነው፤ ኃይል ሲካፈል ለስፋት። ልክ ነው። ግን ኃይሉ ቢሙን ምን እያደረገው ነው ስል ዝም ይላል።

ቃሉ ከበግ ሸለታ ጋር የኖረ ነው። እንግሊዞች የበግ ጸጉር መሸለትን ሺር ይሉታል፤ ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛም ቃሉ ነበረ፣ ያኔም መቁረጥና መሸለት ማለት ነበር። የጀርመንኛ ዘመዱ ‘ሼረን’ እስከ ዛሬ በግ ይሸልታል። የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን ወደ ኋላ ሲከተሉት የብዙ አውሮፓና ህንድ ቋንቋዎች እናት ወደሆነው ጥንታዊ ልሳን ይደርሳሉ፤ እዚያም ትርጉሙ መቁረጥ ነው። የመንዝ ልጅ ካልሆናችሁ በስተቀር፣ ባና እና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ልብሶች የሚሠሩበት ጸጉር ሲሸለት አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ የአብዛኛው አገራችን በግ አይሸለትም። ስለዚህ ወደ አውስትራሊያ ልውሰዳችሁ።

እዚያ የበግ ሸላች የታወቀ ሙያተኛ ነው። የፈጣኑ ሸላች መጠሪያ እንኳ ለብቻው አለ፤ ሪንገር ይሉታል። ጃኪ ሃው የተባለው ሸላች በ1892 እ.ኤ.አ. ኩዊንስላንድ ውስጥ በእጅ መሸለቻ 321 በግ በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሸልቷል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1888፣ ደንሎፕ በሚባል የበግ እርባታ ፍሬደሪክ ዎልስሊ የሠራው የመሸለቻ ማሽን ሥራ ጀምሮ ነበር። የዚህን ማሽን አፍ ልብ ብላችሁ እዩት። ከታች ጥርስ ያለው ማበጠሪያ መሰል ብረት አለ፤ እሱ ቆሞ ጸጉሩን ይይዛል። ከላዩ ያለው ስለት ደግሞ በጎን እየተመላለሰ ያልፈዋል። ጸጉሩ አልተጎተተም፣ አልተጨፈለቀም። የታችኛው ክፍሉ ተይዞ የላይኛው ወደ ጎን ተወሰደ፣ በመካከል ተበጠሰ። መሐንዲሱ ሺር ሲል የሚያወራው ይህንኑ ነው፦ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኃይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው አካል የሚደርስበትን።

ይህን ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም አንድ ሳይት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ በዕድሜ የገፋ ፌራዮ፣ ብረት አሳሪ ማለት ነው፣ ገና የተመረቀውን ሳይት መሐንዲስ፣ “ኢንጂነር፣ ስታፋውን መሃል ላይ በሃያ በሃያ ሳንቲም አስረን ስናበቃ ኮለኑ ጋ ለምን በአሥር በአሥር ይሆናል?” አለው። ስታፋ ቢሙን ዙሪያውን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት ነው፤ ኮለን ደግሞ ዓምዱ። ልጁ “ድሮዊንጉ ነው የሚለው” ብሎ አለፈ። በማግስቱ ቆጠራ ላይ በየቢሙ ጫፍ ስታፋ ጎድሎ ተገኘ። በፌራዮው አልፈርድም፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ብረቱን ቢቆጥብ አይገርምም። ፌራዮውን ወደ ፌሮ መቁረጫው ወሰድኩትና የታችኛው ስለት ቆሞ የላይኛው አልፎት ሲወርድ አሳየሁት። ወለሉ ቢሙን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ኮለኑ ወደ ላይ ይገፋዋል አልኩት። “ታዲያ እዚህ ጥግ ላይ እንደ ፌሮው ሊበጥሱት ነዋ!” አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ መሐንዲስ ራቅ አድርገህ እሰር ቢለው እንኳ እሺ የሚል አይመስለኝም። ኮንክሪት እንደ ፌሮው ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፤ ወደ ድጋፉ አጠገብ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ ስታፋው ያንን ስንጥቅ አቋርጦ ይይዘዋል። በሺር የሚሰበር ቢም ደግሞ መሃሉ ጎብጦ እንደሚሰበረው ጊዜ ሰጥቶ አያስጠነቅቅም። በ1955 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ሼልቢ የነበረ የአየር ኃይል መጋዘን የጣሪያ ቢሞች የተሰበሩት የጣሪያውንና የራሳቸውን ክብደት ብቻ ተሸክመው ሳለ ነው። በተሰበሩበት ቦታ ስታፋ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የኮንክሪት ኮድ የሺር ደንቡን እንደገና ጻፈ።

ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በሠረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን የሚያነበው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ፣ ፊልጶስ ሲደርስበት ያነብ የነበረው በሸላቹ ፊት ዝም ስለሚል በግ የሚናገረውን ክፍል ነው። የምታነበውን ታስተውለዋለህን ተባለ። ያ ሰው የንግሥት ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ባለሥልጣን ነው፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ለማለት ግን አላፈረም። እናንተ ደግሞ ዲግሪ ይዛችሁ ፎርማን ፊት “አልገባኝም” ማለት ሞት ይመስላችኋል።

መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ትርጉሙን አይታችሁ አትዝጉ፤ በትንሽ ፊደል የምትጻፈውን የቃሉን ምንጭ አንብቧት። የሺር ዘመዶች ብዙ ናቸው። በየቀኑ አድርጉ የምትባሉት ሼር፣ የአክሲዮኑም ሼር፣ መነሻው ተቆርጦ የተከፈለ ድርሻ ነው። ሾርት የተቆረጠ፣ ያጠረ ነው። ስከርት ከዚያው ቤት ነው፤ እኛም ሳንመካከር ጉርድ ቀሚስ ብለነዋል። የኳሱ ስኮር ከስካንዲኔቪያ የመጣ ሲሆን እንጨት ላይ የሚቆረጥ ምልክት ማለት ነበር፤ ሃያ ቁጥርንም ስኮር ይሉታል። እረኛ በጎቹን ሲቆጥር ሃያ በሞላ ቁጥር በትሩን ይቆርጥ ስለነበር ነው ተብሎ ይታመናል። ፍሊስ ደግሞ በሥሩ የሺር ዘመድ ባይሆንም ከበጉ አይለይም፤ ከአንድ በግ የተሸለተ ጸጉር ሁለመናው ነው። ዛሬ ከፖሊስተር የተሠራ ጃኬት ሆኗል፤ እንደ ግስ ሲገባ ደግሞ ሰውን አታሎ ገንዘቡን መግፈፍ ነው። ኮንትራት ስትፈርሙ ይህችኛዋን ትርጉም አትርሷት።

ግን በድምፅ አትታለሉ። ሸረፈ እና ሸረሸረ ከሺር ጋር ስለሚገጥሙ ብቻ ዘመድ ናቸው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ማስረጃ ጠይቁት። ሲዘርስ፣ መቀሱ ማለት ነው፣ የሺር ወንድም ይመስላል፤ ነገር ግን የመጣው ከላቲን ነው፣ አጻጻፉም ቢሆን ከሌላ የላቲን ቃል ጋር ተምታቶ የተበላሸ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ግን በዳብል ኢ የሚጻፈው ሺር ነው፤ ቀጥ ያለ ገደልን ወይም ስስ ጨርቅን የሚገልጽ ሌላ ቃል። በፊደላችን ስንጽፋቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ የኮምፒውተሩ ፊደል አራሚም ስህተት ነው አይላችሁም። የምሩቃን ሪፖርት ላይ በዳብል ኢ የተጻፈ ሺር ፎርስ ካየሁ ቀጣዩን ገጽ ሳልገልጥ እመልሰዋለሁ፤ አስቀድሜ መናገሬ ይሻላል።