ስለ ቦነስና ስለ ፍሬን፣ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች

ሰላም ልጆች፣ እንደምን ናችሁ። እኔ 30 ዓመት ገደማ በጭነት ትራንስፖርት ነው የሠራሁት፣ አብዛኛውን ስምሪት ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ሰሞኑን ሥራ የያዙ የዘመድ ልጆች ስለ ቦነስ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት፣ ስንት ነው የሚከፈለው ይባባላሉ እንጂ ምን ስላደረግን ነው የሚከፈለን ያለ አልነበረም፣ እኔም በናንተ ዕድሜ አልጠየኩም።

የኛ ነገር እንዲህ ነበር። ለያንዳንዱ ጉዞ የነዳጅ ኖርማ አለ፣ ለዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄን ያህል ሊትር ናፍጣ ተብሎ የሚሰጥ ማለት ነው። ሾፌሮች ናፍጣ ይሸጣሉ የሚል ቅሬታ በዝቶ ስለነበር እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ከኖርማው የተረፈውን ግማሽ ዋጋ ለሾፌሩ በግልጽ እንስጠው፣ ተደብቆ ከሚሸጥ ቆጥቦ ይውሰድ አልኩ። ማኔጅመንቱ ወደደው፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ የናፍጣ ወጪያችን ወረደ፣ እኔም በስብሰባ ተመሰገንኩ።

ያላየሁት ቁልቁለቱን ነው። ሾፌሩ ቁልቁለት ሲደርስ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ፣ ማለትም ዜሮ፣ አድርጎ ይለቀዋል። ጭነት መኪና በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፎሌ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ጭነት ፍሬኑ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ ፍሬን ደሞ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ጭራሽ ሞተር አጥፍተው የሚወርዱም ነበሩ፣ የፍሬኑን አየር የሚሞላው ሞተሩ መሆኑን እያወቁ። የጋራዡ ኃላፊ አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ "የፍሬን ሸራ እኮ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው፣ ምንድነው ነገሩ" አለኝ። ግዢ ጠይቅ አልኩት፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አላልኩም። ያቺን ቀን ሳስባት አሁንም ያመኛል።

ከዛ አባይ በረሃ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወርደው፣ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢያችን እዛ ፍሬን እምቢ አለው፣ ሾፌሩ ገደል ከምገባ ብሎ ከተራራው ጋር አላተመው። እሱ ተረፈ። ረዳቱ አልተረፈም፣ ልጅ ነበር፣ ከብዙዎቻችሁ ያንስ ነበር። ሆስፒታል የሄድኩት ተቆጥቼ ነው፣ እንዴት በፎሌ ትወርዳለህ አልኩት። "ጋሼ፣ የተረፈው ያንተ ነው ብላችሁኝ የለ እንዴ" አለኝ። መልስ አጣሁ። ይሄን ሾፌር እኮ ከዛ በፊት በነበረው ሩብ ዓመት ጎበዝ ቆጣቢ ብለን ሸልመነዋል። የአደጋው ሪፖርት "የአሽከርካሪ ስህተት" ነው የሚለው፣ ፈርሜበታለሁ፣ ስለ ናፍጣው ክፍያ አንድ መስመር የለበትም።

ከዛ በኋላ ደሞ ሌላ ስህተት ሠራን። ዓመቱን አደጋ ላላደረሰ ቡድን በሙሉ ቦነስ ተባለ። በወረቀት ላይ አደጋው ቀነሰ፣ መሬት ላይ ግን ሾፌሩ የተሰበረ ስፖኪዮ ከኪሱ ያሠራል፣ እጁ የተጨፈለቀ ረዳት የጓደኞቹን ብር እንዳያስቀር ብሎ ቤቱ ተኝቶ በወጌሻ ይታከማል። ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዲፕዋተር ሆራይዘን የሚባለው የነዳጅ መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሰው ሞተ፣ የመቆፈሪያው ባለቤት ትራንስኦሽን ግን በራሱ መለኪያ ዓመቱ በደህንነት ከታሪኩ ሁሉ የተሻለው ነው ብሎ ለአለቆቹ ቦነስ ሰጠ፣ ሰው ሲጮህ ነው አለቆቹ የደህንነት ቦነሱን ለሟች ቤተሰቦች የለገሱት። መለኪያው ጥቃቅኑን ስለሚቆጥር ትልቁን አያይም።

አዲስ አበባ ውስጥ አሸዋና አፈር የሚያመላልሱትን ሲኖትራኮች ሕዝቡ ቀይ ሽብር ብሎ ስም አወጣላቸው፣ ሾፌሮቹንም ጨካኝ ይላቸዋል። እኔ እነዛን ልጆች አውቃቸዋለሁ፣ ጨካኝ አይደሉም፣ በቢያጆ፣ ማለትም በተመላለሱት ጉዞ ቁጥር ነው የሚከፈላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፣ ቢያጆ ግን ሰዓት አይቆጥርም፣ ማንም ሳያስገድደው ልጁ ራሱን ያስገድዳል፣ ጫት ይዞ ሌሊቱን ያነጋል። በቁርጥ የሚሠራው ፌራዮም፣ የሕንፃ ብረት አሳሪው ማለቴ ነው፣ እንደዛው ነው፣ ከፍታ ላይ እንዳይወድቅ የሚይዘውን ቀበቶ ባሰረና በፈታ ቁጥር ብር ይቀንስበታል፣ ስለዚህ አያስርም።

አሜሪካ ጄ ቢ ሃንት የሚባለው የጭነት ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ የሾፌሮቹን ክፍያ በሲሶ ገደማ ከፍ አድርጎ ልምድ ያላቸውን መቅጠር ጀመረ፣ የሚለቀው ሾፌርም አደጋውም በጣም ቀነሰ። ብር ሰውን ወደ ገደል ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ አካሄዱን ካወቅንበት ይመልሳልም፣ እኔ ይሄን ያመንኩት ዘግይቼ ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ስትቀጠሩ ሳታፍሩ ጠይቁ፣ መኪናዬ ጋራዥ ሲገባ ወይ ማሽኔ ሲቆም ስንት ይከፈለኛል በሉ። መልሱ ዜሮ ከሆነ የተበላሸ ነገር ይዛችሁ እንድትሠሩ ነው የሚከፈላችሁ፣ አለቃችሁ የቱንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን። ሒሳብ ክፍል ወይ ሰው ሀብት የምትሠሩ ደሞ የቦነስ ቀመር ስታወጡ መጀመሪያ መስኩ ላይ ላለው ሰው አሳዩት፣ ይሄን ብር ለማግኘት ምን ታደርጋለህ ብላችሁ ጠይቁት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ ያንን አምስት ደቂቃ አልሰጠሁም።

እኛ መጨረሻ ላይ የናፍጣውን ክፍያ ሰረዝን፣ መኪና ጋራዥ ሆኖ ሾፌሩ ለሚጠብቅበት ቀን አበል አስገባን፣ ብልሽት ያስመዘገበ ሾፌር ከመንገድ ቢመለስም የጉዞው ክፍያ እንዳይቆረጥበት አደረግን። በመጀመሪያው ወር የብልሽት ደብተሩ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ ደንግጦ ጠራኝ፣ መኪኖቹ በአንድ ወር እንዴት እንዲህ ተበላሹ አለኝ። ድሮም እንዲሁ ነበሩ፣ አይነግሩንም ነበር እንጂ አልኩት። ደብተሩን አብረን ገለጥነው፣ አብዛኛው ፍሬን ነበር።