ከሻርጃ የቪትዝ መብራትና ፓራውልት ለሚያስመጣው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። እህትህ ከሻርጃ የቶዮታ ቪትዝ የፊት ፓራውልት (ባምፐር) እና ሁለት የፊት መብራት ልትልክልህ ነው፤ ባሕር ዳር እስኪደርስ እንዳይሰበር እንዴት ታሽገው ነው ያልከው። ይኸው ነገር አምና እኔ ላይ ደርሷል። እኔም ባሕር ዳር፣ መኪናዬም ቪትዝ፣ ላኪዬ ወንድሜ።

1. መብራትና ፓራውልት አንድ ካርቶን ውስጥ አይገቡም። የኔው ብልህ «ቦታ ይቆጥባል» ብሎ ሁለቱን መብራት ፓራውልቱ ሆድ ውስጥ ሸጎጣቸው። ካርቶኑ በተወረወረ ቁጥር እርስ በርስ ሲደባደቡ ከርመው መጡ።

2. ሰው ሁሉ የሚሳሳው ለመብራቱ ፊት ነው። ፊቱ ግን ፖሊካርቦኔት ነው፤ ይጫራል እንጂ እንዲህ በዋዛ አይሰበርም። የሚሰበረው ብሎን የሚገባበት ጆሮ ነው። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ ስለወጡ ካርቶኑ ሲወድቅ ምቱን ቀድመው የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። እህትህ አምፖሎቹን ነቅላ ለብቻ ታስቀምጥ። መብራቱን በለስላሳ ጨርቅ፣ ከላዩ በአረፋ ፕላስቲክ ትጠቅልለው። ጆሮዎቹ ዙሪያ ስፖንጅ ትሙላ፤ የካርቶኑን ግድግዳ መንካት የለባቸውም። ከዚያ ካርቶኑን ሌላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ትክተተው፤ በሁሉም አቅጣጫ አራት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር፣ ክፍተቱም ይሞላ። ነቅንቃ ኮሽታ ከሰማች ፈትታ እንደገና ትጀምር። ፕላስተር ፊቱ ላይ በቀጥታ እንዳትለጥፍ! የኔው ለጥፎት፣ ሙጫውን በቲነር ላስለቅቅ ብዬ ፊቱ ሞራ እንደያዘው ዓይን ደበዘዘ። እዚህ ላይ ወንድሜን አልወቅስም፤ ቲነሩ የኔ ነው።

3. ሒሳቡ። በአየር ሲላክ የሚያስከፍሉህ በሚዛን ብቻ አይደለም፤ ካርቶኑ የሚይዘውንም ቦታ ያሰላሉ። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ6000 ያካፍላሉ፤ ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ትከፍላለህ። ፓራውልትህ 170 በ50 በ40 ካርቶን ከፈለገ ወደ 57 ኪሎ ይታሰብልሃል። ፓራውልቱ ራሱ በአንድ እጅ የሚነሳ ነገር ነው! «እንጠፈው» የሚል የካርጎ ልጅ ከመጣ እሺ እንዳትሉ፤ የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር ያወጣል፣ ቀለሙም ይሰነጠቃል። እኔን ከሰማኸኝ ፓራውልቱን አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ፈልግና መብራቶቹን ብቻ አስልክ።

4. ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። አዲስ አበባ ዕቃውን ልረከብ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ስልኩን እየጎረጎረ፣ ቀና ሳይል «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ወረቀቱ «በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል። የካርቶኑ አንድ ጥግ ገባ ብሏል። አይቼዋለሁ! ግን የመኪና ሰዓት ደርሶብኝ ነበርና ፈረምኩ። ሳልከፍተው ጫንኩት። ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ከ500 ኪሎሜትር በላይ ተንገላቶ ባሕር ዳር ገባ። መካኒኬ ቀጠሮ እስኪሰጠኝ ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር ተኛ። ስንከፍተው ፓራውልቱ ደህና ነው፤ የግራው መብራት ሁለት ጆሮ የለውም።

ዕቃውን ላስረከበኝ ሰውዬ ደወልኩ። «ዓባይ በረሃ ላይ ተሰብሮ ይሆናል» ብሎ ዘጋብኝ። የሚያናድደው ደግሞ ሊሆንም ይችላል። ምን ብዬ ልከራከር? በኋላ ነው ያወቅኩት፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የሞንትሪያል ስምምነት በአየር የመጣ ጭነት ተጎድቶ ካገኘኸው፣ በተረከብክ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብህ። የኔ 14 ቀን አልጋ ሥር አለቀ።

አንተ እዚያው መስኮቱ ፊት ክፈተው። ሰውዬው ይነጫነጭ፣ ሰልፉ ያጉረምርም። ፎቶ አንሳ፤ ጉዳት ካለ ወረቀቱ ላይ ጽፈህ ፈርም። እህትህም ከማሸጓ በፊት የእያንዳንዱን ጆሮ ፎቶ ትላክልህ። እኔ ከዚያ ወዲህ ስፖኪዮና ማስኬሪና (የፊት ግሪል) በዚሁ ዘዴ አስመጥቻለሁ፤ አንድ ጭረት የለም። የጋራዡ ልጆች እንኳ አሁን የሚጠይቁት እኔን ነው።

የግራው መብራት ግን ዛሬም በሽቦ እንደታሰረ ነው። ማታ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አንድ ዓይኗ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ነጭ ቪትዝ ካገኘህ ክላክስ አድርግልኝ።