መልስ፦ ተነስቶ አፍንጫውን ሰቅሎ ይወድቃል

ወንድሜ፣ «በሪሞት የሚበር አውሮፕላኔን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሁለቴ ወረወርኩት። ሁለቴም አፍንጫውን ሰቅሎ ወደቀ። ሞተሩ ይሆን?» ብለሃል። ሞተሩን ለጊዜው ተወው።

እኔ የምጠረጥረው ክብደቱ ወደ ኋላ ማድላቱን ነው። ባትሪውን አስገባና በሁለት ጣትህ ከክንፎቹ ሥር ደግፈህ አንሳው። ጣትህ ማኑዋሉ ያመለከተው ቦታ ላይ ይረፍ። ማኑዋል ከሌለህ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምረህ ወደ ኋላ የስፋቱን ሩብ ያህል ገባ በል። ጭራው ካዘቀዘቀ ባትሪውን ወደ ፊት ግፋው። አፍንጫው ትንሽ ቢያዘነብል ይሻላል።

ከፍታውንም አትርሳ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ክንፉ አውሮፕላኑን ለመሸከም የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ሞተሩን ሙሉ ስጠው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ገጥመህ አግድም ወርውረው። ፍጥነት ሳያገኝ ወደ ላይ እንዳትስበው፤ አደራ!

ከተነሳልህ በኋላ የሚያደናግርህ ወደ አንተ ሲመጣ ነው። ግራና ቀኝ ይገለበጥብሃል። እኔ ብዙ የፎም አውሮፕላን የሰበርኩት እዚህ ላይ ነው። የትኛው ክንፍ ዝቅ አለ? የሪሞቱን ዘንግ ወደዚያው ግፋ፣ ይቃናልሃል። ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር (በረራን በሚያስመስል ፕሮግራም) ብትለማመደው ደግሞ እጅህ ቶሎ ይለምደዋል።

ማልደህ ሂድ፤ ረፋዱ ላይ ነፋሱ ይበረታል። ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ነገር ቀድመህ ጠይቅ፣ ከከብቶቹና ከእረኞቹም ራቅ በል። የጣት ሙከራውን ዛሬውኑ ሞክረውና ባትሪው የት እንዳረፈ ጻፍልኝ።