የጅቡ መንጋጋ የሚንዘፈዘፈው በኮዱ አይደለም

ጥያቄህን ላሳጥረው፦ ሐረር ውስጥ ለትምህርት ቤት መድረክ የሚሆን የጅብ ጭንቅላት ሠርተሃል። መንጋጋውና አንገቱ በሁለት ትልልቅ ኤምጂ996አር፣ ሁለቱ ዓይኖች፣ የዓይን ቆቡና ሁለቱ ጆሮዎች በአምስት ትንንሽ ኤምጂ90ኤስ ሰርቮ (በትእዛዝ ወደተፈለገው ማዕዘን የሚዞር ሞተር) ነው የሚንቀሳቀሱት። ሰባቱንም ፒሲኤ9685 በሚባለው የሰርቮ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ (ኮንትሮለር) ላይ ሰክተህ ኃይሉን ፕሮግራሙ ከተጫነበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ከአርዱይኖው 5 ቮልት ወሰድክ። አንድ ሰርቮ ብቻ ሲሆን ይሠራል፤ መንጋጋው ሲጨመር ግን ሁሉም ይንዘፈዘፋል፣ አርዱይኖውም ጠፍቶ ይበራል። «ኮንትሮለሩ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ማይስትሮ የሚባለውን ኮንትሮለር ልግዛ?» አልክ።

አቦ፣ ብርህን ያዝ! ኮንትሮለሩ ደህና ነው። ማይስትሮ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ባለ 6፣ 12፣ 18 እና 24 መስመር አለው፣ ፍጥነቱን ራሱ ያለሰልሳል፣ ያለ አርዱይኖም ትንሽ ፕሮግራም ይዞ ይሠራል። ነገር ግን እሱም ቢሆን የሰጠኸውን ኃይል ነው የሚያሳልፈው። አሁን ባለህበት ሁኔታ ብትሰካው እሱም ይንዘፈዘፋል።

1. መጀመሪያ ሂሳቡን ሥራ። ኤምጂ996አር በ6 ቮልት ሲታነቅ፣ ማለትም ለመዞር ፈልጎ ሲያቅተው፣ ወደ 2.5 አምፔር ይስባል። ሁለቱ 5 ሆኑ። ኤምጂ90ኤስ ሲታነቅ ወደ 0.7 ይጠጋል፤ አምስቱ 3.5። ድምሩ 8.5 አምፔር። ሰባቱም በአንዴ አይታነቁም፣ ግን ሰርቮ ከቆመበት ሲነሳም ለቅጽበት ወደዚያው ቁጥር ይጠጋል። ስለዚህ 5 ቮልት 10 አምፔር ያስፈልግሃል። አሁን ከምን እየሳብክ ነው? ዩኤስቢ ላይ የተሰካ አርዱይኖ ኡኖ በ500 ሚሊአምፔር የተገደበ መከላከያ ፊዩዝ ነው ያለው። ለመንጋጋው ብቻ እንኳን አይበቃም። ቮልቴጁ ሲወርድ የአርዱይኖው ቺፕ ይጠፋል፣ ተነስቶ ሰርቮዎቹን ያዛል፣ ሲያዛቸው ደግሞ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሲጠፋና ሲበራ የምታየው ይሄንን ነው። 5 ቮልት 2 አምፔር የሚል የስልክ ቻርጀርም መፍትሔ አይሆንም።

2. ርካሹ የኃይል ምንጭ የአሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ነው። ድሬ ብትመጣ ታይዋን የሚባለው ገበያ አካባቢ፣ እዚያው ሐረርም ኮምፒውተር ጥገና ቤት ጥግ ላይ ተከምሮ ታገኘዋለህ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁር ጋር ስታገናኘው ይነሳል። ቀዩ 5 ቮልት ነው፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ፣ ቢጫው 12 ቮልት። የቢጫዎቹን ጫፍ እያንዳንዱን ለብቻው በናስትሮ ጠቅልልና እርሳው፤ አንዱ ሰርቮ መስመር ላይ ቢያርፍ ሰባቱም ይቃጠላሉ። ከቀዮቹም አንድ ብቻ አትጠቀም፣ ሦስት አራቱን አንድ ላይ አድርግ። ቆርቆሮውን ግን አትክፈት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ) ይመታል።

አዲስ ከገዛህ «10 አምፔር» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመን። እንደ ክብሪት ቀፎ የቀለለ አዳፕተር ላይ 10 ብለው የሚለጥፉ ሞልተዋል፣ ስትጠይቃቸው ደግሞ ይቆጣሉ።

መብራት ቢጠፋስ ብለህ ማሰብህ አይቀርም። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ለአንድ ምሽት ትርኢት ከበቂ በላይ ነው። ከእሱ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኤክስኤል4015 የሚባል ሰሌዳ ግዛ፤ አንዱ እስከ 5 አምፔር ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ሁለት አድርገው። አንዱ ለመንጋጋና ለአንገት፣ ሌላው ለትንንሾቹ ይሁን። የሁለቱን ኔጋቲቭ አገናኝ፣ ፖዘቲቮቹን ግን በፍጹም አታገናኝ። ሌላው ቮልት ማውረጃ ኤልኤም2596 እጅግ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓሃል፤ ከ2 አምፔር በላይ ሲጎተት ይግላል፣ ለአንተ አይሆንም። ምንም ከማገናኘትህ በፊት ደግሞ ትንሿን ብሎን በካቻቢቴ እያዞርክ መውጫውን በቴስተር 5.2 ቮልት ላይ አቁመው። ከፋብሪካ ሲመጣ የት ላይ እንደተተወ አይታወቅም፣ 11 ቮልት ላይ የሚመጣም አለ። ስንቱ ሰርቮ የሚቃጠለው በዚህች አንድ ደቂቃ ስንፍና ነው! ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ10 አምፔር የመኪና ፊዩዝ አስገባ። ከተቃጠለ በኋላ ፊዩዝ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

3. ሽቦው። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለህ አንብብ።

ፒሲኤ9685 ላይ ሁለት የተለያዩ የኃይል መግቢያዎች አሉ። «ቪሲሲ» ለቺፑ ነው፣ ከአርዱይኖው 5 ቮልት ይመጣል፣ የሚስበውም ኢምንት ነው። «ቪ ፕላስ» ለሰርቮዎቹ ነው፣ ከፓወር ሳፕላዩ ብቻ ይመጣል። ሁለቱ ፖዘቲቮች አይገናኙም። ኔጋቲቭ ግን የግድ አንድ ነው፦ የፓወር ሳፕላዩ፣ የኮንትሮለሩና የአርዱይኖው «ጂኤንዲ» አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው። ፓወር ሳፕላዩን ለይቶ ይህችን አንድ ጥቁር ሽቦ የረሳ ሰው ሰርቮዎቹ ያለ ትእዛዝ ሲወራጩ ያያል፣ ከዚያ ኮዱን ሦስት ቀን ይፈትሻል። ሲግናል የሚነበበው ከኔጋቲቭ አንጻር ነው፤ የጋራ ኔጋቲቭ ከሌለ ሰርቮው የሚለካበት ዜሮ የለውም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ግማሾቹ በአንዲት ትንሽ ሰርቮ (ኤስጂ90) ብቻ ስለሚያሳዩ ይህ ሁሉ አይነሳም።

የቀረው ቀላል ነው፦ የኮንትሮለሩ ኤስዲኤ ከአርዱይኖው ኤ4፣ ኤስሲኤል ከኤ5። ሁለቱን ሽቦዎች አጭር አድርጋቸው፣ ከግማሽ ሜትር አይለፉ። ሰርቮው ላይ ቡናማው ኔጋቲቭ፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማው ሲግናል ነው። ኮንትሮለሩ ላይ ለካፓሲተር የተተወ ቦታ ካለ 1000 ማይክሮፋራድ ባለ 10 ወይም 16 ቮልት አስበይድበት፤ ነጩ መስመር ያለበት እግር ወደ ኔጋቲቭ። ካውያ ከሌለህ ስልክ ጥገና ቤት በአምስት ደቂቃ ይሠሩልሃል።

ሁለቱን ኤምጂ996አር ግን ኃይላቸውን በኮንትሮለሩ በኩል አታሳልፍ። ሰሌዳው ላይ ያለው የመዳብ መስመር ቀጭን ነው፣ ከጥቂት አምፔር በላይ ሲሄድበት ይግላል፣ ቮልቴጅም ይጥላል። ቀይና ቡናማ ሽቦአቸውን ቀጥታ ከፓወር ሳፕላዩ ቴርሚናል አምጣ፣ ብርቱካናማውን ብቻ ኮንትሮለሩ ላይ ሰካ።

የሽቦ ውፍረትም አትናቅ። የተለመደው የሰርቮ ማራዘሚያ ሽቦ በሜትር 0.053 ኦም ገደማ አለው። ከፓወር ሳፕላዩ እስከ ጭንቅላቱ 2 ሜትር ከሆነ ደርሶ መልሱ 4 ሜትር ነው፤ በ2.5 አምፔር ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። የቤት መብራት የሚዘረጋበት 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብትጠቀም የሚጠፋው 0.12 ቮልት አካባቢ ብቻ ነው።

4. ቀንዷን (ሰርቮው ላይ የምትገጠመዋን ነጭ ክንድ) ገና አትግጠም። ሰርቮው የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው የሲግናሉ ምት ርዝመት ነው፤ 1500 ማይክሮሰከንድ መሐሉ ነው። ሁሉንም ሰርቮ ባዶውን እዚያ ላይ አቁም፣ ከዚያ ነው ቀንዷን የምትገጥመው። በ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኮንትሮለሩ 4096 ቦታ ይከፋፍለዋል፣ አንዱ ክፋይ 4.88 ማይክሮሰከንድ ነው። ስለዚህ 1500 ማለት 307 ነው። ግን የቺፑ ውስጣዊ ሰዓት 25 ሜጋኸርዝ ይባል እንጂ ከሰሌዳ ሰሌዳ ይለያያል። 3 በመቶ ቢዛነፍ 1500 ያልከው ወደ 1455 ወይም 1545 ይሄዳል፣ ያ ደግሞ 4 ዲግሪ ነው። ለጆሮ ምንም አይደል፤ ለዓይን ግን ጅቡን ሸውራራ ያደርገዋል። ኮንትሮለር በቀየርክ ቁጥር መሐሉን እንደገና ለካ።

ገደቡን ከ1000 እስከ 2000 ጀምረህ በ50 በ50 አስፋ። ሰርቮው ጫፍ ላይ «ዝዝዝ» ካለ አልፈሃል፣ 50 መልስ። እንደዚያ እያለ ከተውከው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ ያልቃል። እያንዳንዱን ገደብ ወረቀት ላይ ጻፍና ጭንቅላቱ ውስጥ ለጥፈው።

መንጋጋው ላይ ሌላ ጣጣ አለ። 400 ግራም ቢመዝንና የክብደቱ መሐል ከማጠፊያው 10 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ ዘግቶ ለመያዝ 4 ኪሎ·ሴንቲሜትር ይጠይቃል። ኤምጂ996አር በ4.8 ቮልት 9.4 ይባላል፣ ግን ያ የመታነቂያ ቁጥር ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከሲሶው በላይ ካስያዝከው ይግላል። ደግሞ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ቅጂ ነው፣ 9.4 መድረሱንም ጠርጥር። ሁለት ነገር አድርግ። የሰርቮው ክንድ ላይ 1.5 ሴንቲሜትር፣ መንጋጋው ላይ 3 ሴንቲሜትር ርቀት ያለውን ቀዳዳ ተጠቀም፤ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፣ የመክፈቻው ማዕዘን በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ መንጋጋውን ወደ ላይ የሚስብ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ እሰርበት። ክብደቱን ላስቲኩ ከተሸከመው ሰርቮው የሚሠራው ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ማገናኛውን ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ሥራው፤ አይታጠፍም።

በሙቅ ኮላ ሽጉጥ ሰርቮ አትለጥፍ። ሐረር ብርድ ስለሆነ ይይዝልህ ይሆናል። ድሬ ወርደህ ለማሳየት ጭንቅላቱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ብትተወው ግን ኮላው ይለሰልስና ሰርቮው ተላቆ ታገኘዋለህ። በብሎን እሰር፣ ጭንቅላቱን ከሸፈንክበት ስፖንጅ በስተኋላም አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ተው።

5. እንቅስቃሴው። መጀመሪያ የምትሰጠው ትእዛዝ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ሰርቮው ያለበትን ቦታ አርዱይኖው አያውቅም፤ ባለ በሌለ ኃይሉ ይዘላል። ስለዚህ አርዱይኖውን ቀድመህ አብራ፣ ሁሉንም ወደ ማረፊያ ቦታ እዘዝ፣ የሰርቮውን ኃይል ከዚያ በኋላ ክፈት። «ኦኢ» የሚለውን እግር ከአርዱይኖው አንድ ፒን ጋር ብታገናኘው ደግሞ ፒኑ ከፍ ሲል ሲግናል ሁሉ ይቆማል፤ የልጅ ጣት ጥርሱ መሐል ሲገባ ይጠቅምሃል።

መንጋጋውን ከ1200 ወደ 1800 በአንድ ትእዛዝ አትላከው። በየ20 ሚሊሰከንዱ 40 ማይክሮሰከንድ ብትጨምር በ300 ሚሊሰከንድ ይከፈታል፤ መነሻውና መድረሻው ላይ እርምጃውን ወደ 15 ካሳነስከው ሕይወት ይኖረዋል። ፕሮግራሙን በ«ዲሌይ» (ጠብቅ በሚለው ትእዛዝ) አታስቁመው፣ ሰዓት እያየ ሁሉንም ተራ በተራ ያንቀሳቅስ።

ቅደም ተከተሉን ለማግኘት የትም አትሂድ፤ አጠገብህ ነው ያለው። ማታ ጅብ የሚመገብበት ቦታ ቁምና ሥጋው ከእንጨቱ ጫፍ ላይ ሲቀርብለት እየው። ጆሮው ይቀድማል፣ ዓይኑ ይከተላል፣ አንገቱ ዝቅ ብሎ በጎን ይመጣል፣ መንጋጋው የመጨረሻው ነው። ሲከፍት ይዘገያል፣ ሲዘጋ ግን ቅጽበት ነው። ጆሮን 0፣ ዓይንን 100፣ አንገትን 250፣ መንጋጋን 500 ሚሊሰከንድ ላይ አስጀምር። ሰባቱ በአንዴ ስለማይነሱ የሚስቡት አምፔርም ይቀንሳል፣ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሰርቮ ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ የደረሰኙንና የዕቃውን ፎቶ አትመህ ይዘህ ሂድ። ዕቃ የሚፈተሽበት መስኮት ላይ «ይሄ የድሮን ነው?» ብሎ የሚያፈጥብህ ሰው አይጠፋም፤ ቃል ብቻ ይዘህ ከሄድክ «ነገ ና» ነው።

አሁን ኃይሉን ለይና መንጋጋው እየተንቀሳቀሰ ቴስተሩን ቪ ፕላስና ጂኤንዲ ላይ አድርግ። ከ4.6 በታች ከወረደ ችግሩ አሁንም ፓወር ሳፕላዩ ወይም ሽቦው ላይ ነው። ካልወረደና ሁሉም ከተወራጨ የጋራ ኔጋቲቩን እይ። አንዱ ብቻ ከሆነ የሚንዘፈዘፈው ክብደት በዝቶበታል ወይ ገደቡን አልፏል። ያነበብከውን ቁጥርና የሽቦውን ፎቶ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ማታ አየዋለሁ።