የፕራግ ሰዓት፦ ከትርኢቱ ይልቅ ገጹን ያንብቡ

«ለአንድ ቀን ወደ ፕራግ እሄዳለሁ፤ በአሮጌው ማዘጋጃ ቤት ማማ ላይ ያለው ሰዓት ያን ያህል ተጠብቆ ሊታይ የሚገባው ነው?» ብለው ለጠየቁት እኅታችን፣ በከተማዋ ስኖር እንግዶችን ደጋግሜ ወደዚያ ስወስድ የታዘብኩትን ላካፍል።

አብዛኛው ጎብኚ የሚሰበሰበው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው) በየሰዓቱ የሚታየውን ትርኢት ለማየት ነው። ከሰዓቱ ጎን ያለው የአጽም ምስል ገመድ ስቦ ደወል ያሰማል፤ ሁለት መስኮቶች ተከፍተው ሐዋርያት በተራ ብቅ ይላሉ፤ አውራ ዶሮው ይጮኻል፤ በዚሁ ያበቃል። አንድ ደቂቃ እንኳ ስለማይሞላ ብዙ ሰው «ይኸው ነው?» እያለ ይመለሳል። ሐዋርያቱም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ማዘጋጃ ቤቱ በጀርመኖች ተደብድቦ ከተቃጠለ በኋላ አዲስ የተቀረጹ ናቸው። ስለዚህ ሰዓቱ ከመታ በኋላ፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ረጋ ብለው ከመስኮቶቹ በታች ያለውን ሰማያዊ ገጽ እንዲመለከቱ እመክራለሁ።

ይህን ገጽ እ.ኤ.አ. በ1410 የሠራው የካዳኙ ሚኩላሽ ነው፤ አስጎብኚዎች «ሌላ እንዳይሠራ ዓይኑን አጠፉት» የሚሉት የመምህር ሃኑሽ ታሪክ አፈ ታሪክ ብቻ ነው። የሮማ ቁጥሮቹ ዛሬ አውሮፓ የሚጠቀምበትን ሰዓት ያመለክታሉ። በውጭው ጥቁር ቀለበት ላይ ያሉት ወርቃማ ቁጥሮች ደግሞ ከፀሐይ መጥለቅ ጀምሮ የሚቆጠሩትን የጥንት ቼኮች 24 ሰዓታት የሚያሳዩ ሲሆን፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት ጊዜ ስለሚለዋወጥ ቀለበቱ ራሱ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ይዞራል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን በገጹ ላይ በቀጫጭን ጠማማ መስመሮች ተከፍለው ከ1 እስከ 12 የተጻፉት ጥቁር ቁጥሮች ናቸው። ቆጠራቸው ልክ እንደ እኛው ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ይጀምራል። ልዩነቱ የቀኑ ብርሃን ረዘመም አጠረም በ12 እኩል ስለሚከፈል፣ በፕራግ አንዱ ሰዓት በሰኔ ወደ 80 ደቂቃ ሲረዝም በታኅሣሥ ወደ 40 ደቂቃ ማጠሩ ነው፤ በአገራችን ቀኑ ከወር ወር እምብዛም ስለማይለያይ እንዲህ ያለው ልዩነት ብዙም አይታወቅም። በዘንጉ ላይ የምትጓዘው ወርቃማ ፀሐይ በየትኞቹ መስመሮች መካከል እንዳለች ካዩ፣ ስንተኛው የቀን ሰዓት እንደ ሆነ ወዲያው ያነባሉ።

ጊዜ ከተረፈዎት ወደ ማማው በአሳንሰር መውጣት ይቻላል፤ የቲን ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሾጣጣ ማማዎች ፊት ለፊት ይታያሉ። ሰዓቱን ከላይ ሆኖ ማንበብ ስለማይቻል ግን አስቀድመው ታች ያለውን ይጨርሱ።