ልብስ ማድረቂያው አላደርቅ ሲል፣ የአየር ማስተላለፊያው ሲያቧራ ከየትኛው ይጀመራል?

ጠያቂያችን የጻፉልን ሁለት ችግሮችን አያይዘው ነው። የልብስ ማድረቂያ ማሽናቸው ቀድሞ በአንድ ዙር ያደርቀው የነበረውን ፎጣ አሁን በሁለት ዙርም አላደርቅ ብሏል፤ ማሽኑ ያለበት ክፍልም በሙቀትና በእርጥበት ይታፈናል። በሌላ በኩል፣ ቤቱን የሚያሞቀውና የሚያቀዘቅዘው አየር በሚወጣባቸው የጣሪያ ፍርግርጎች ዙሪያ ጠቆር ያለ አቧራ እየታያቸው ነው። አስም ያለበት ልጅ ስላላቸውም አንድ የጽዳት ድርጅት ቱቦዎቹን በሙሉ ጠርጎ የጀርም ማጥፊያ ኬሚካል ሊረጭላቸው ያቀረበውን ሐሳብ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ኬሚካሉን አይቀበሉ፤ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎቹም ጽዳት ምርመራ እስኪደረግ ይቆይ። የማድረቂያው ጭስ ማውጫ ግን እስኪጠረግ ድረስ ማሽኑን ባያስነሱት እመርጣለሁ።

ማድረቂያ ማሽን ልብስን የሚያደርቀው በሙቀት ብቻ ሳይሆን፣ እርጥቡን አየር ያለማቋረጥ ወደ ውጭ እየገፋ በመሆኑ፣ መውጫው ሲጠብ እርጥበቱ ከበሮው ውስጥ ይቀራል፤ የማሽኑም ሙቀት ከልኩ ያልፋል። ከልብስ የሚረግፈው የጨርቅ ብናኝ ደረቅና ቀጭን ክር ስለሆነ በቀላሉ እሳት ይይዛል። ማሽኑ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል፤ መውጫው ሲዘጋ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተመልሶ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ለልጅዎ ጤና ሲሉ ከሁሉ በፊት ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው።

ምርመራውን ከውጭ ይጀምሩ። ለዚህ ምርመራ ብቻ ማሽኑን ለአፍታ ሲያስነሱት፣ በግድግዳው ውጫዊ ክፍል ያለው የቱቦው መውጫ ክዳን በደንብ ተከፍቶ ሞቃት አየር በኃይል ሊወጣበት ይገባል፤ ክዳኑ እምብዛም የማይነሳ ከሆነ ቱቦው ታፍኗል ማለት ነው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ፤ የጋዝ ከሆነ የጋዙን ቧንቧ ይዝጉት እንጂ አይፍቱት፤ መፍታቱም ማሽኑን ማንቀሳቀሱም የባለሙያ ሥራ ስለሆነ ለእርሱ ይተዉ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ማሽኑን በቀስታ ወደ ፊት ስበው ቱቦውን ከጀርባው ይፍቱት፤ ብናኙን በእጅና በቫኪዩም ካወጡ በኋላ፣ ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠውን በሚተጣጠፍ ዘንግ ላይ የተገጠመ ብሩሽ እያሽከረከሩ እስከ መጨረሻው ያስገቡ። ብሩሹን በድሪል የሚያሽከረክሩ ከሆነ ዘንጎቹ ከመገጣጠሚያቸው እንዳይፈቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ብቻ ያዙሩት፤ ወደ ግራ ሲዞር ተፈትቶ ቱቦው ውስጥ የሚቀር ብሩሽ ግድግዳ እስከ ማስፈረስ ያደርሳል።

ጠርገው ሲጨርሱ ቱቦውን ራሱን ይመልከቱት። ፕላስቲክ ወይም ከቀጭን ፎይል የተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ከሆነ መልሰው አይግጠሙት፤ በእጥፋቶቹ ላይ ብናኝ ያጠምዳል፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ራሱ ይቃጠላል። በምትኩ ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ስፋቱ 4 ኢንች (10 ሴንቲ ሜትር ገደማ) የሆነ ጠንካራ የብረት ቱቦ ይግባ። መገጣጠሚያዎቹን በአሉሚኒየም ፕላስተር እንጂ ወደ ውስጥ ዘልቆ በሚገባ ብሎን አያሥሯቸው፤ የብሎኑ ጫፍ ብናኙን ይይዛል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ መሠረት ርዝመቱ ከ35 ጫማ (10.7 ሜትር ገደማ) መብለጥ የለበትም፤ በቀኝ ማዕዘን ለሚታጠፍ እያንዳንዱ ኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ደግሞ ከዚህ ላይ 5 ጫማ ይቀነሳል። የማሽኑ አምራች የተለየ ልክ ከሰጠ የእርሱ ይቀድማል። በመውጫው ጫፍ ላይ ወፍ እንዳይገባ ተብሎ የሚደረግ ወንፊት ብናኙን ስለሚያፍን ይነሳ፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን ይበቃል። በማሽኑ ውስጥ ያለውን የብናኝ ማጥመጃ ወንፊት ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ማጽዳት ግድ ነው። ውኃ አፍስሱበት፤ ውኃው ሳያልፍ ላዩ ላይ ከቆመ የልብስ ማለስለሻ ቅባት ሸፍኖታልና በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ።

ወደ አየር ማስተላለፊያው ስንመጣ፣ በፍርግርጎቹ ዙሪያ የሚታየው ጥቁረት ብዙ ጊዜ ከቱቦው የወጣ ሳይሆን፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው ደቃቅ አቧራ በሚወጣው አየር ተስቦ የሚለጠፍ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም የቱቦ ጽዳት በሽታን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም ይላል። ጽዳት የሚያስፈልገው በቱቦው ውስጥ ሻጋታ በዓይን ሲታይ፣ አይጥ ወይም ተባይ ሲገባበት፣ ወይም አቧራ አየሩን እስከ መዝጋት ሲደርስ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሌለ ገንዘብዎ የማሞቂያና ማቀዝቀዣው የአየር ማጣሪያ ላይ ቢውል ይሻላል። ማጣሪያው በሚገባበት ማስቀመጫ ልክ መግጠሙንና በዳርና ዳሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለመኖሩን ይመልከቱ፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩም ይቀይሩት። ለአስም ይጠቅማል ብለው ወደ ሜርቭ 13 (ሜርቭ ማጣሪያ ደቃቅ ብናኝን የመያዝ አቅሙ የሚለካበት ደረጃ ነው) ከፍ ሊያደርጉት ካሰቡ ግን ማራገቢያው ጫናውን መቻሉን አስቀድመው በባለሙያ ያረጋግጡ፤ ያልቻለ እንደሆነ የአየሩ ፍሰት ይቀንሳል። አየርን ወደ ማሞቂያና ማቀዝቀዣው የሚመልሰው ቱቦ በጣሪያ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ክፍተት ይኖረው እንደሆነ ያስፈትሹት፤ ከጣሪያ የሚስብ ክፍተት ካለ ማናቸውም ጽዳት አይዘልቅም።

ስለ ኬሚካሉ ልጨምር። ውስጡ በፋይበርግላስ (በመስታወት ክር) የተለበደ ቱቦ ከሆነ ሻጋታው ልባዱ ውስጥ ስለሚሰርግ የሚረጨው ነገር አያድነውም፤ የረጠበው ክፍል ተነቅሎ መለወጥ አለበት። የኬሚካሉ ትነትም የአስም ሕመምተኛን ሊያውክ ይችላል። ሻጋታ ከተገኘ የእርጥበቱ ምንጭ ሳይጠፋ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምንጩ ከማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን ውኃ የሚቀበለው፣ የተዘጋ የውኃ ማፍሰሻ ሳህን ነው።

ምርመራው ጽዳት ያስፈልጋል ካለ ድርጅቱን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ቱቦውን ሲያጸዳ ሄፓ የሚባለው እጅግ ደቃቅ ብናኝን የሚይዝ ማጣሪያ ባለው መሣሪያ አየሩን ወደ ራሱ እየሳበ መሥራቱን፤ ማራገቢያውን፣ የማቀዝቀዣውን ጥቅልና የውኃ ማፍሰሻ ሳህኑን አብሮ ማጽዳቱን፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የቱቦውን ውስጥ በካሜራ ማሳየቱን። ፍርግርጎቹን ብቻ በቫኪዩም ጠርጎ ለመሄድ የሚመጣ ከሆነ፣ ተኝቶ የነበረውን አቧራ ቀስቅሶ ወደ ልጅዎ ክፍል ስለሚልከው አያሠሩት።